እሺ ማለቴን ያላመነችው ልጅ

አትጠገብ ማረፏን የሰማሁት አርብ ቀን፣ ገበያ መሀል ነው። ድንብላልና አብሽ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጮኸና አነሣሁት። ታናሽ እህቷ ገነት ናት፣ ከመካነ ኢየሱስ። መጀመሪያ ድምጿን አላወቅሁትም። «እማ ደብሬ፣ አትጠገብ ካረፈች እኮ ሁለት ሳምንት ሆናት። ስልክዎን አጥቼው ነው» አለችኝ። እንዴት ሆና አላልሁም። «ተይ» ብቻ አልሁ። ከፊቴ አንዲት ሴት አብሽ ልትገዛ ቆማ ነበርና ሰፈርሁላት፤ ምርቃትም ጨመርሁላት።

ድሮ መርዶ እንዲህ አልነበረም። ጎረቤቱ ቀድሞ ይሰማል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሰውየው ማለዳ ከቤቱ ሳይወጣ ይመጡና ግራና ቀኝ ይዘው ነው የሚያረዱት። ዛሬ በስልክ ይመጣል፤ የሚይዝሽ ሰው የለም። እኔም ተረድቼ ገበያዬን ጨረስሁ። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት። ቤት ስደርስም ጠበቅሁት። አልመጣም። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለቅሶም አልደረስሁ። እግር ሲደነዝዝ እንዴት ነው፣ እንዳለ ታውቂዋለሽ እንጂ አይሰማሽም፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እየተዘበራረቀብኝም ቢሆን የማስታውሰውን ልጻፍ።

አትጠገብ ወደ እኛ ከተማ፣ ጋይንት ውስጥ ወዳለችው አርብ ገበያ፣ የመጣችው ለሥራ ነው። ነርስነት ተምራ፣ ሥራ አጥታ እናቷ ቤት ተቀምጣ ቆይታ፣ በስተመጨረሻ አንድ ድርጅት መረጃ ሰብሳቢ አድርጎ ቀጠራት። ጥናቱ በወሊድ ስለሞቱ እናቶች ነው። ሴት የሞተችበት ቤት እየሄደች፣ ምጡ መቼ እንደጀመራት፣ ማን አጠገቧ እንደነበር፣ ለምን ጤና ጣቢያ ሳትደርስ እንደቀረች ትጠይቃለች። ከጓሮዬ ያለችውን ክፍል ልትከራይ በመጣች ዕለት፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስገባ፣ ሥራዬ ይህ ነው ብላ ነገረችኝ። «ግቢ» አልኋት። የኔም ልጅ እንደዚያ እንደሞተች አልነገርኋትም። ጎረቤቶች ነገሯት። እንደነገሯት ያወቅሁት በማግሥቱ እንጨት ስፈልጥ መጥታ፣ ምንም ሳትናገር፣ ፋሱን ከእጄ ወስዳ ስለፈለጠች ነው። አፈላለጡን አታውቅበትም፤ ግንዱን ስትዞረው ዋለች።

ቀጭንና ረጅም ናት። ስትሄድ መሬት መሬት ታያለች። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ ፊት ለፊት ያለው ጥርሷ ትንሽ የተሰበረ ነው፣ ከዚያ ይሆናል።

ሥራውን ከመጀመሯ በፊት በስልክ የሚወሰድ ትምህርት ነበረባት። ሰውን የሚያጠና ሁሉ አስቀድሞ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ የሚማርበት ነው፤ የጥናት ሥነ ምግባር ይሉታል። አስተማሪ የለው፣ ክፍል የለው። ጽሑፉ ስልኳ ላይ ይመጣል፣ ታነባለች፣ መጨረሻው ላይ ጥያቄ አለ፤ ካላለፈች ወደፊት አያስኬዳትም። ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለማይሠራ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ መውጣት አለባት። ብቻዋን ከምትቀመጥ ብዬ ፈትሌን ይዤ አብሬያት እወጣለሁ። እሷ በእንግሊዝኛ ታነብና በአማርኛ መልሳ ለእኔ ትነግረኛለች፤ እንዲህ ሲሆን ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚገባው ትላለች።

እዚያ ስንቀመጥ አያ ውበቱ የሚባል ጎረቤታችን በሬዎቹን እየነዳ ያልፋል። ምን እንደምትማር ጠይቆኝ ነገርሁት። «ሰው ማናገር? በስልክ? እናቷ ሳታስተምራት ነው የሰደደቻት?» አለ። አትጠገብ አፏን ይዛ ሳቀች።

አንድ ቀን እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ። አጥኚው አንድ መንደር ደረሰ። የመንደሩ ሹም ፈቀደለት። ሰዎቹን መጠየቅ ይጀምራል ወይስ አይጀምርም?

«ይጀምራል እንጂ፤ ምን ቀረው?» አልኋት።

«አይጀምርም ነው መልሱ፣ እማ። እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው ማስፈቀድ አለበት።»

«ሹሙ እሺ ካለ በኋላ ማን እምቢ ይላል?»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ።»

«ይህን የጻፈው ሰው ጋይንት መጥቶ አያውቅም» አልኋት።

«አልመጣም» አለች ስልኳን እያየች። «ግን የሚያውቀን ይመስላል።»

ሦስት ጊዜ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ኔትወርኩ ሄደባት፤ ሦስት ጊዜም ከመጀመሪያው ጀመረች። በአራተኛው እኔ እንኳ መልሱን ቀድሜ እናገር ነበር። ማንም ሰው ሳይፈልግ አይጠየቅም። ከጀመረ በኋላም ልተወው ካለ ይተወዋል። የነገረሽን ለሌላ አትነግሪም፣ ስሙንም አትጽፊም። እምቢ ስላለ ምንም አይቀርበትም። ለእኔ ነገሩ ሁሉ ለሌላ አገር ሰው የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። እኔን ስዳር የጠየቀኝ የለም፤ ለመሬት ልኬታ፣ ለማኅበር፣ ለስብሰባ ስጠራ የጠየቀኝ የለም። አትጠገብ ግን እያንዳንዱን ቃል እንደ ጸሎት ይዛው ወረደች።

አጠያየቋን አልረሳውም። ቤት ትገባለች፣ ከመደቡ ጠርዝ ትቀመጣለች፣ መልስ የምትሞላበትን ታብሌቷን ጭኗ ላይ በፊቱ ትደፋዋለች። መልሱን የሚጠብቅ ነገር ሰውየው ፊት እንዳይኖር ነው። ከዚያ የፈቃዱን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ቀስ ብላ ታነባለች። ሌሎቹ መረጃ ሰብሳቢዎች ይህን ወረቀት እንደ ዘገየ ሰው ነው የሚሮጡበት። እሷ ስትጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጨምራለች፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ፤ «እኔ ነኝ የመጣሁት እንጂ እርስዎ አልጠሩኝም» ትላለች።

ሴቶቹ መጀመሪያ ስም ለእርዳታ የምትመዘግብ መስሏቸው ደጄ ላይ ተሰለፉ። ጥናቱ ስንዴ እንደሌለው እየዞረች አስረዳች። አንዲቱ፣ «ስንዴ ከሌለው ታዲያ ለምን ትጠይቂናለሽ?» አለቻት። ሌላ እናት እንዳትሞት ነው ብትላት፣ ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ እየሄደች፣ «ስንዴው ይሻል ነበር» አለች። አትጠገብ በዚህ አልተቀየመችም፤ ልክ ናት እኮ አለችኝ።

አንድ ጊዜ ቆላ ወዳለ ቀበሌ ይዣት ወረድሁ። የምንሄድበት ቤት የዘመዴ የአያ ታምሩ ነው፤ ሚስቱ በምጥ ሞታበታለች። ተቀበለን፣ አጎዛ አነጠፈልን። አትጠገብ ወረቀቷን አነበበች። «እሺ» አለ። አውራ ጣቱንም አተመ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስትጀምር ጥጃው ሊፈታ ነው ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ተመለሰ። ሁለተኛውን ስትጠይቀው አጥሩ ላይ ያለውን እሾህ ሊያስተካክል ወጣ። ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ውኃ ላምጣላችሁ ብሎ ተነሣ፤ ውኃው ግን ከፊታችን ተቀምጧል። አትጠገብ ታብሌቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «አያ፣ ስለተቀበሉን እግዜር ይስጥልን፣ እኛ እንሂድ» አለች። አያ ታምሩ አልከለከለንም። እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘን። ስንለያይ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

ዳገቱን ስንወጣ ተቆጣኋት። ሰውየው እሺ ብሎ የለም ወይ፣ ጣቱንስ አትሞ የለም ወይ፣ ይህን ሁሉ መንገድ በከንቱ አስወረድሽኝ አልኋት።

«ሦስት ጊዜ ተነሣ እኮ፣ እማ።»

ያን ጊዜ ነው የነገርኋት። እኛ አገር ቤትሽ የመጣን ሰው እምቢ አይባልም፤ ነውር ነው። እሺ እንላለን። ከዚያ የማንፈልገውን በእግራችን፣ በእጃችን፣ በጥጃው፣ በአጥሩ እንናገራለን። አገሬው ያውቀዋል። የሚያፍረው እሺ ያለው ሰው አይደለም፤ እሺታውን ይዞ የሚቀመጠው እንግዳ ነው። አትጠገብ ቆማ ሰማችኝ። «ይህ ትምህርቱ ላይ የለም» አለች።

ከዚያ ወዲያ አሠራሯን ለወጠች። ዛሬ ወረቀቱን ታነባለች፣ ሰው መልስ ሊሰጣት አፉን ሲከፍት፣ «ዛሬ አይመልሱልኝ» ብላ ትወጣለች፤ በማግሥቱ ትመለሳለች። መናገር የሚፈልግ ሰው ደጁ ላይ ሆኖ ይጠብቃታል። የማይፈልገው እስቴ ገበያ ሄደ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ወጣ ይባልለታል፣ አንዳንዱም ጓዳ ውስጥ ሆኖ ሳለ። እሷ ደኅና ዋሉ ብላ ታልፋለች፤ ሦስተኛ አትመጣም። የጠበቋት ሰዎች የነገሯትን ማንም አያውቅም። እናንተ ሰፈር እንግዲህ ወሬ አይወደድም ይሆናል፤ እኛ ጋ ግን ስትመለስ ሴቶቹ መንገድ ላይ ይዘው፣ የእገሌ ሚስት ምን ሆና ነው አሉ፣ ባልየው ምን አለ ይሏታል። ግማሽ ቀን ተቀምጣ የሰማችውን፣ «አላውቅም» ትላለች። እኔም ሞክሬያት አውቃለሁ። እንደ ሌሎቹ ነው የመለሰችልኝ።

በዚህ አሠራር ሥራው ይዘገያል። ባልደረቦቿ ሦስት ቤት ሲጨርሱ እሷ አንድ ነው። ታብሌቱ የሞላችውንና ያልሞላችውን ሁሉ ለአለቃዋ፣ ለሱፐርቫይዘሩ፣ ያሳየዋል። አንድ ቀን በሞተር ሳይክል መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጫማውን ደጅ ላይ አራግፎ ነው የገባው። እሱም ከበላዩ የሚጠይቀው አለው። ከክፍሏ በር ላይ ቆመው ሲነጋገሩ እኔ ጓሮ ነበርሁ። የቀሯት ቤቶች ወሩ ሳያልቅ ካልሞሉ ውሏ እንደማይታደስ ነገራት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝርዝሩ ላይ ያለ ቤት ውስጥ እየኖርሽ እሱን እንኳ አልሞላሽም። ሴትዮዋ እንደ እናትሽ አይደሉም? ምን ይከለክልሻል?» አላት።

የኔ ቤት መሆኑ ነው። እስከዚያ ቀን የሚጠየቁት ቤቶች ዝርዝር ላይ መሆኔን አላውቅም ነበር። ስንት ወር አብራኝ ስትበላ ስትጠጣ አንድም ቀን አላነሣችብኝም።

የዚያን ሥራ ጥቅም አውቀዋለሁ። እናቷ ባል የሞተባት ናት፤ አትጠገብ በደመወዟ ገነትን ኮሌጅ ልታስገባ ነበር። ሰውየው ከሄደ በኋላ ክፍሏ ገባሁና፣ «በይ ታብሌትሽን አምጪ፤ እነግርሻለሁ» አልኋት።

«ለእኔ ብለው ነው፣ እማ?»

«ለማን ልበል ታዲያ?»

«እንግዲያስ አይሆንም።»

በዕድሜዬ የሰጠሁትን የመለሰብኝ ሰው የለም። ያንን ነገር ለማንም አውጥቼ አላውቅም፤ ለንስሓ አባቴ እንኳ። እንደዚያ ያለውን ነገር ከውስጤ አንሥቼ ልስጣት ስል አልቀበልም አለች። ሁለት ቀን አላናገርኋትም። እሷ ውኃ ቀድታ ደጄ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ እኔ አስገባዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ እንደ እንግዳ። ግቢ እስክላት ደጅ ላይ ቆመች። ከመደቡ ጠርዝ ተቀመጠች። ታብሌቷን ደፋች። ያን ወረቀት፣ ጉብታው ላይ ስንት ጊዜ የሰማሁትን፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ። ባይፈልጉ ምንም አይቀርብዎትም ስትል ዓይኔን አየችኝ። «ለኔ ብለው አይሁን። እኔን እንደማያውቁኝ ይቁጠሩኝ። እኔ ነኝ የመጣሁት እንጂ እርስዎ አልጠሩኝም» አለች። «ዛሬ አይመልሱልኝ።»

ስለ ልጄ እዚህ ብዙ አልጽፍም። ስትሞትም አላለቀስሁም፤ ሰው ድንጋይ ናት አለኝ። እንደዚያው ቆይቷል።

ጠዋት መጣች። «እሺ» አልኋት። በቃ ልንገራትና ሥራዋን ትያዝ ብዬ ቆርጬ ነበር። እሺ አልሁና ምድጃው አመድ ሞልቷል ብዬ ተነሣሁ። አመዱን ዛቅሁ። ስመለስ እንደተቀመጠች ናት። ዶሮዎቹን ላስወጣ ተነሣሁ። ስመለስ እንደተቀመጠች ናት።

«እማ፣ እንደ አያ ታምሩ ነው?» አለችኝ።

እጄ ላይ ያለውን አመድ አራገፍሁ።

ወንድሜ ድቁና ሲማር ከጎኑ ተቀምጬ ፊደል መልቀሜን ታውቃለች። ታብሌቱን ገልብጣ ከፊቴ ያዘችልኝ። ስም የለበትም፤ የቤቴ ቁጥር ነው ያለው። ከሥሩ «አልፈቀዱም» የሚል አለ። እያየሁት በጣቷ ነካችው። አንዲት ምልክት ወጣችበት። «አለቀ» አለች። ከዚያ ድርቆሽ ለማምጣት ወጣች፤ ላሟ አልበላችም ነበር።

ወሩ ሲያልቅ የኔ ቤት ሳይሞላ ስለቀረ ውሏ አልታደሰም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው መኪና ሻንጣዋን ጫነች፤ ከዚያ ሌላ መኪና ይዛ መካነ ኢየሱስ ትገባለች። ለእናትሽ ምን ትያታለሽ አልኋት። «ሥራው አለቀ እላታለሁ» አለች። ትክክለኛውን ንገሪያት አልኋት። «ትክክለኛው የኔ አይደለም» አለችኝ። መኪናው ሲነሣ ነው የገባኝ፣ በደንብም አልገባኝም።

በበዓላት ትደውል ነበር። መድኃኒት መሸጫ ተቀጥራ እንደነበር፣ እንደለቀቀች፣ እናቷ እንደምትነጫነጭባት ትነግረኛለች። ታዲያ እየሳቀች ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ በከረመ ጊዜ ስልኳ ቀረ። ሲመለስም አልደወለችም፤ እኔም ልጅ ናት፣ አግብታ ይሆናል ብዬ ተውሁት። ከዚያ የገነት ስልክ መጣ።

ይህን ልጽፍ ሳስብ ለገነት ደውዬ እናቷን አገናኚኝ አልኋት። እናትየዋ ወይዘሮ የሺ ትባላለች። ስለ ልጅሽ ልጽፍ ነው፣ ትፈቅጃለሽ ወይ አልኋት። «እሺ፣ ይጻፉ» አለችኝ ወዲያው። ያን እሺ አውቀዋለሁ። «ዛሬ አትመልሽልኝ፣ እታለም። በሳምንቱ እደውላለሁ» አልሁና ዘጋሁ።

በሳምንቱ ስደውል ራሷ አነሣችው። «የያዛትን በሽታ አይጻፉ። ሌላውን ይጻፉ» አለች። እሱን አልጽፍም አልኋት። የምትዘጋ መስሎኝ ነበር፤ አልዘጋችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ ጋ ሳለች ምን አጥፍታ ነው ከሥራ የተባረረችው?»

«ምን አለችሽ?»

«ሥራው አለቀ ትለኛለች። ጓደኞቿ ሲሠሩ አያለሁ እኮ። ወይ ሰንፈሻል ወይ የሰው ዕቃ አንሥተሻል አልኋት። ዝም ትላለች። ተኝታም ሳለች ብያታለሁ። አልጋ ላይ ሆና።»

ሥራው ለምን እንደቆመ ለእናቷ ብትናገር የኔ ቤት ነገር ይነሣል። ልጄ ትነሣለች፣ እኔ እሺ ብዬ አመድ መዛቄ ይነሣል። እሱን ደግሞ ከቤቴ ይዛ አትወጣም። ሌባ ተብላ ተኝታ እንኳ አላወጣችውም። ምስጢሩ የኔ ነው፤ ከእኔ ሌላ የሚፈታው የለም።

«ያባረሯት የኔን ቤት ሳትጽፍ ስለቀረች ነው» አልኋት። ከዚያ ለወይዘሮ የሺ ሁሉንም ነገርኋት። ልጄ እንዴት እንደሞተች፣ ለማንም ያልነገርሁትን፣ ለአትጠገብም ያልነገርሁትን፣ አይታኝ ለማታውቅ ሴት በስልክ ነገርኋት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

«የሰው ዕቃ አላነሣችም?» አለች ወይዘሮ የሺ።

«አላነሣችም።»

«አልሰነፈችም?»

«አልሰነፈችም። ከሁሉም ይልቅ ትሠራ ነበር።»

እያለቀሰች እንደሆነ ይሰማኛል፤ እኔ ጆሮዬ ላይ ስልኩን ይዤ ጠበቅኋት።

«ይህንንም ይጻፉት» አለችኝ። «ስሟንም ይጻፉት። ሰው ሁሉ ያንብበው።»

ስሟ አትጠገብ ነው። ምንም አላጠፋችም።